ጭብጨባ ራምፕ አይሆንም

የምረቃ ሰሞን ሲደርስ የየዩኒቨርሲቲው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ አንድ ዓይነት ፎቶ ይለጥፋል። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ወጣት ጋዋኑን ለብሶ፣ አራት ጓደኞቹ ከነወንበሩ ተሸክመውት መድረክ ላይ ሲያወጡት ይታያል። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነስቶ ያጨበጭባል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጎንበስ ብለው ሜዳሊያ ያጠልቁለታል። ከፎቶው ሥር «አካል ጉዳተኝነት ያልበገረው ተመራቂ» ይላል። ላይኩ በሺህ ይቆጠራል፤ አስተያየት መስጫው «እግዚአብሔር ይባርክህ» በሚል ይሞላል። በሳምንቱ ገጹ ወደ ጨረታ ማስታወቂያው ይመለሳል።

ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። ልጁን አራት ሰው የተሸከመው ለምንድን ነው? መድረኩ ራምፕ ስለሌለው ነው። ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጉድለት በአደባባይ አሳይቶ ሳያፍር ጭብጨባ የሚቀበልበት ብቸኛ ቀን ቢኖር ይህ ነው። የውሃ ቧንቧው ፈንድቶ ተማሪዎች በጄሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ፎቶ አንስቶ «ጥማት ያልበገራቸው» ብሎ የሚለጥፍ ግቢ የለም። የአካል ጉዳተኛው ተማሪ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን ነውሩ ጀብዱ ይሆናል።

ማንም አካል ጉዳተኛ ተማሪ አይጨብጨብለት የሚል የለም። ጥያቄው የሚጨበጨበው ለማን ነው፣ የሚጠየቀውስ ማን ነው የሚለው ነው።

«ያልበገረው» የሚለው ቃል

ቃሉ ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል። ውስጡ ግን ተጠያቂን ማሸሻ ነው። አንዲት በልጅነቷ ዓይኗን ያጣች ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዓይነ ስውርነቷን ከተለማመደችው ዓመታት አልፈዋል። ምግቧን ታበስላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ በድምፅ ሰው ትለያለች። አራት ዓመት ሙሉ ሲታገላት የከረመው ዓይኗ አይደለም። የታገላት ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ፣ የስልኳ ድምፅ አንባቢ የማያነብላት ሞጁል ነው። የታገላት ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ነው። የታገላት «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር እዚያ ጋ ያለውን ይሰጣል» እያለ ሰሌዳው ላይ ጣቱን የሚቀስር መምህር ነው። የታገላት የፈተና ሰዓት ማራዘሚያ ለመጠየቅ ከቢሮ ቢሮ የምትመላለስበት ደጅ ጥናት ነው።

እነዚህ ሁሉ ባለቤት አላቸው። ሞጁሉ ያዘጋጀው ክፍል አለው፣ ቦዩ የቆፈረው ተቋራጭና የተረከበው መሐንዲስ አለው፣ ደጅ ጥናቱ ማኅተም የያዘ ኃላፊ አለው። «አካል ጉዳተኝነት ያልበገራት» ሲባል ግን ጥፋቱ ሁሉ ወደ ልጅቱ አካል ይዛወራል። ያሸነፈችው የራሷን ሰውነት እንጂ የእነሱን ቸልተኝነት እንዳልሆነ ተደርጎ ይተረካል። ከዚያም የቸልተኝነቱ ባለቤቶች መድረክ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭቡላታል።

ከገሳይ እስከ መመረቂያው አዳራሽ

ጭብጨባው የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። መድረኩ ላይ የወጣችው አንዷ ናት፤ ያልወጡት አይታዩም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ወረታን ከወልድያ በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አካባቢ ገሳይ አለች። ደጋ ናት፤ ገብስና ድንች የሚበቅልባት፣ ጠዋት ጉም የሚወርድባት አገር። ከዚህች ከተማ ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ በአራት ዓመቱ በኩፍኝ ዓይኑን ያጣ ልጅ አለ እንበል። ይህ ልጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ ምን ምን ማለፍ አለበት?

መጀመሪያ ከቤት መውጣት አለበት። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ጉዳት እንደ ቁጣ ወይም እንደ እርግማን ቆጥሮ ከጎረቤት ይሸሽገዋል። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚል ተረት ሲሰማ ያደገ ወላጅ ልጁ ከጓሮ ያልፋል ብሎ ባይጠብቅ አይገርምም። ቀጥሎ በአካባቢው ብሬል የሚያውቅ መምህር መገኘት አለበት። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ባወጣው ዓመታዊ ስታቲስቲክስ መሠረት ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ገበታ ላይ የተገኙት 11 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ከ3 በመቶ በታች። ይህ ማለት ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ ገና በሩ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከመላው አገሪቱ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጽሐፍ ያለው፣ መብራት ያለው፣ ዓይን ያለው ተማሪ በዚህ ቁጥር የወደቀበት ፈተና ነው። መጽሐፉን ሰው እያነበበለት ያጠናው የገሳዩ ልጅ ይህን ወንፊት ካለፈ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው በእርዳታ የመጣ እንግዳን አይደለም። በአገሪቱ ካሉት ብርቱ ተማሪዎች አንዱን ነው።

ቁጥሩም ጥቂት አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአካል ጉዳተኛውን መጠን 1 በመቶ አካባቢ አድርጎ አለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአካል ጉዳት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የተቀመጠው አሃዝ ግን 17.6 በመቶ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሚሊዮኖችን ይውጣል። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ደቡብ ጎንደር ላይ ጉዳዩ የባሰ ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የደቡብ ጎንደር ስም ደግሞ ስለ በሽታው በተደረጉ ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ ይነሳል። በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ውጊያው ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ተጠግቶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ጦርነት የሚያመርተው ሬሳ ብቻ አይደለም። እግሩን ያጣ፣ ጆሮው የደነቆረ፣ ዓይኑ የጠፋ ወጣትም ያመርታል። በመጪዎቹ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚቆመው አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከዛሬው የበዛ ነው። ዝግጅቱ ግን ያው ጭብጨባው ነው።

ይህ አገር ያውቅበት ነበር

አካል ጉዳተኛን ማስተማር ከውጭ የመጣ፣ በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ነገር አድርጎ ማየት ተለምዷል። ለዚህ መልሱ ከዚያው ከበጌምድር ምድር ይገኛል። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር በአቋቋም የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ትምህርት የሚተላለፈው በዋነኛነት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ዓይነ ስውር የቆሎ ተማሪ ከሌላው እኩል ቃሉን ተቀብሎ፣ እኩል ቀጽሎ፣ እኩል ያዜማል። ባልንጀራው መንገድ ይመራዋል፤ እሱ ደግሞ ለባልንጀራው የጠፋውን ዜማ ይመልስለታል። ከዚህ ሥርዓት ዓይነ ስውራን መምህራን ወጥተዋል። ዓይናማው ደቀ መዝሙር መጽሐፉን ዘርግቶ ሲስት፣ መጽሐፉን የማያዩት የኔታ ከቃል አርመው ይመልሱታል። ማንም «ዓይነ ስውርነት ያልበገራቸው የኔታ» ብሎ አይጠራቸውም። የኔታ ናቸው፤ በቃ።

ያ ሥርዓት እንከን የለሽ ነበር ማለት አይደለም። ሴት ልጅን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ያስቀረ፣ ተማሪውን ለልመናና ለውሻ ንክሻ የዳረገ ነው። አንድ ነገር ግን ገብቶታል፤ ተማሪው የሚማርበትን መንገድ ትምህርቱ ራሱ ይዞለት ነበር። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ልዩ ጉዳይ ሆኖ ለኮሚቴ አልቀረበም፤ የማስተማሪያው ዘዴ ቀድሞውኑ እሱንም ያካተተ ነበር። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ በብዙ ሚሊዮን ብር ሕንጻ ገንብቶ የጎጆው ጉባኤ ቤት የሠራውን መሥራት ካቃተው የጎደለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከቃል ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገርም ይቻላል። ግብጻዊው ጣሃ ሑሴን ገና በሕፃንነቱ ዓይኑን አጥቶ፣ ቁርኣንን በቃሉ ይዞ፣ አል አዝሃር ገባ። ከዚያ ወደ አዲሱ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1914 ዶክትሬቱን ያዘ፤ በ1950 ደግሞ የአገሩ ትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በሥልጣን ዘመኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለግብጽ ልጆች ሁሉ ነጻ እንዲሆን አደረገ። አገር አንድን ዓይነ ስውር ልጅ በአግባቡ ስታስተምር የምታተርፈው እሱን ብቻ አይደለም።

ላም አለኝ በሰማይ

የሕግ ችግር የለም። ሕጉ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 በአንቀጽ 40 የሕንጻው ዲዛይን፣ የግቢው አቀማመጥ፣ ኮምፒውተሩ ሳይቀር የአካል ጉዳተኛ ተማሪን ጥቅም ያገናዘበ እንዲሆን፤ የመማሪያ ክፍል እንዲዛወርለት፤ አማራጭ የፈተና ዘዴና የሰዓት ማራዘሚያ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ1152/2011 ተተክቷል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የማራካሽ ስምምነትን ተቀብላለች፤ ስምምነቱ የታተመ መጽሐፍ የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓይነ ስውራን በብሬልና በድምፅ ለማዘጋጀት የሚያስችል ነው። ስለዚህ «የቅጂ መብት ይከለክለናል» የሚል ቤተ መጻሕፍት ካለ ሰበቡ ጊዜው አልፎበታል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ላሟ ለምን በሰማይ ቀረች? መልሱ የ650/2001 አንቀጽ 40 ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ነው፤ «በተቻለ መጠን»። ተቋማት መገልገያቸውን «በተቻለ መጠን» ምቹ ያደርጋሉ፤ ሁኔታና አቅም «በፈቀደ መጠን» ድጋፍ ይሰጣሉ። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን እንክብካቤውን ከአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ጋር አስሮታል። ይህ ሐረግ ሰፊ በር ነው፤ ሹም ሁሉ ያልፍበታል፣ ዊልቸር ብቻ አያልፍበትም። ተማሪው ወጪ መጋራቱን «በተቻለ መጠን» ይክፈል አይባልም። ፈተና ላይ «በተቻለ መጠን» በሰዓቱ ይገኝ አይባልም። ግዴታው የተማሪው ሲሆን ቁርጥ ነው፤ የተቋሙ ሲሆን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

«ሕንጻው ድሮ የተሠራ ነው» የሚለው ሰበብ አንድ ነገር ነው። አራት ኪሎ ወይም ጎንደር ያለ የቀድሞ ሕንጻ ሲሠራ ሕጉ አልነበረም ሊባል ይችላል። ሦስተኛው ትውልድ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህን ማለት አይችሉም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። የሕንጻ አዋጁም የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም በ2001 የወጡ ናቸው። ሕጉ ዩኒቨርሲቲውን በዕድሜ ይበልጠዋል። በዚያ ትውልድ ግቢዎች ውስጥ ራምፕ የሌለው ሕንጻ ካለ አርጅቶ የጎደለው አይደለም፤ ሕግ እያለ ጎድሎ የተሠራ፣ ጎድሎም የተረከቡት ነው። ማን ፈረመ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሰነዱ አለ።

ገንዘብ የማይጠይቀው

«ድሃ አገር ነን፣ ጤነኛውም ተማሪ ውሃና መብራት አጥቷል» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለበት። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ደመወዝ ያስፈልጋል፣ ለብሬል ማተሚያ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ በደብረ ታቦር ዓይነት ተዳፋትና የክረምት ጭቃ ላይ የዊልቸር መንገድ መዘርጋት ቀላል ወጪ አይደለም። ይህ ይሁን። እንግዲያው ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምር።

አንደኛ፤ ሞጁሉ። መምህሩ ሞጁሉን በኮምፒውተር ጽፎታል፤ ፋይሉ በእጁ ነው። ያንኑ ፋይል ለዓይነ ስውሩ ተማሪ መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አትሞ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ሲልከው ግን ድምፅ አንባቢው ባዶ ወረቀት ያደርገዋል። ኤንቪዲኤ የተባለው የኮምፒውተር ድምፅ አንባቢ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ፣ ፋይሉ ዝግጁ፤ የጎደለው መምህሩ መላኩ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ማስታወቂያው። የፈተና ፕሮግራም፣ የመኝታ ድልድል፣ የውጤት ቀን ሁሉ በቴሌግራም የሚለቀቀው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ነው። ከፎቶው ሥር ይዘቱን በጽሑፍ መድገም ሦስት መስመር ነው። ባለመደገሙ ፈተና የሚያመልጠው ተማሪ ይኖራል።

ሦስተኛ፤ የክፍል ድልድል። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ተማሪ ያለበትን ክፍል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማዛወር የሬጅስትራር ሥራ ነው፤ እስክሪብቶ ይበቃዋል። መኝታም እንዲሁ።

አራተኛ፤ የፈተና ሰዓት። ጥያቄው በሰው እየተነበበለት የሚፈተን ተማሪ ከሌላው እኩል ሰዓት ሲሰጠው እኩልነት አይባልም። የሰዓት ማራዘሚያው ተማሪው በየፈተናው ተለማምጦ የሚያገኘው ችሮታ ሳይሆን፣ ሴሚስተሩ ሲጀመር አንዴ ተጽፎ የሚያልቅ መሆን አለበት።

አምስተኛ፤ የመምህሩ አፍ። ሰሌዳ ላይ የጻፉትን እየጻፉ መናገር፤ መስማት የተሳነው ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ ፊትን ወደ ሰሌዳው አዙሮ አለማውራት። ለዚህ ምንም ግዥ አይፈጸምም።

እነዚህን አምስቱን ያልሠራ ተቋም «በጀት የለም» የማለት መብት የለውም። ያለ በጀት የሚሠራውን ሳይሠራ በጀት ቢሰጠውም የሚገዛው ለሌላ የምረቃ ቀን መጋረጃ ነው።

ምሕረት የሚመስል ክልከላ

ብዙም የማይወራ አንድ ጉዳይ አለ። ሒሳብ።

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የዓይነ ስውራን ተፈታኞች ውጤት ሲሰላ የቆየው እንደ ሌላው ከ600 ሳይሆን ከ500 ነው፤ ሒሳብ የለበትም። ላይ ላዩን ሲታይ ርኅራኄ ይመስላል። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በታችኛው ክፍል ሒሳብን የሚያስተምራቸው፣ የብሬል ሒሳብ ምልክት የሚያውቅ መምህር አያገኙም፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይወጣሉ፤ በመጨረሻ ፈተናው ይነሳላቸዋል። ሸክም የተነሳላቸው ይመስላል፤ የተወሰደባቸው ግን ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ምርጫቸው በጥቂት የትምህርት ክፍሎች ይታጠራል። ከዚያ ሥራ ሲጠፋ «የመረጡት ትምህርት ገበያ የለውም» ይባላሉ። ማን መረጠው?

ዓይነ ስውር ሒሳብ አይችልም የሚል ካለ የኒኮላስ ሳውንደርሰንን ስም ይስማ። በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣ እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1711 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ሲል አይዛክ ኒውተን በያዘው የሒሳብ ወንበር ላይ ተሾመ። ከ300 ዓመት በፊት፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ብሬል ገና ሳይፈጠር። የገሳዩን ልጅ ከሒሳብ ያገለለው ዓይኑ ሳይሆን ያስተማረው ሰው መጥፋቱ ነው።

«ጭብጨባው ግን ወላጅን ያነቃል»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ልጁን ጓዳ የደበቀ አባት የምረቃ ፎቶ አይቶ «ለካ ይቻላል» ካለ ፎቶው ዋጋ አለው። እውነት ነው። የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች፤ ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። የእሷን ስም የሰማ ስንት ቤተሰብ ልጁን ከቤት አውጥቶ ይሆናል።

ይሁንና የትነበርሽ ራሷ ደጋግማ የምትናገረውን ማዳመጥ ነው። ዓይኗን ባታጣ ኖሮ እንደ አካባቢዋ ልጃገረዶች በልጅነቷ ትዳር እንደነበር፣ ዓይነ ስውርነቷ የትምህርትን በር እንደከፈተላት ትናገራለች። የእሷን ታሪክ ከሌላው የለየው ሰውነቷን «ማሸነፏ» አይደለም፤ የሚቀበላት ትምህርት ቤት መገኘቱ ነው። ብሬል የሚያስተምር፣ ማደሪያ ያለው፣ ከአማራ ሳይንት እጅግ ሩቅ የሆነ አንድ ትምህርት ቤት። ፎቶው ወላጅን ካነቃ በኋላ ወላጁ ልጁን ይዞ የሚሄድበት በር ከሌለ የነቃው ለከንቱ ነው። ተስፋ ሰጥቶ በር መዝጋት ደግሞ ከዝምታም ይከፋል።

ለውጥ በጭብጨባ እንዳልመጣ የሌላውም ዓለም ታሪክ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ በፖሊዮ ሰውነቱ ሽባ ሆኖ፣ በመሣሪያ እየተነፈሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚያሳድረው መኝታ ቤት ስላልተገኘ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ አደረ። ሌሎች አካል ጉዳተኞች ተከተሉት። ተሰባሰቡ፤ የድጋፍ አገልግሎቱን ራሳቸው የሚመሩት እንዲሆን ታገሉ፤ በ1972 ለመላው የከተማው አካል ጉዳተኛ የሚያገለግል ማዕከል ከፈቱ። የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ሮበርትስን «ሥራ ሊሠራ አይችልም» ብሎ ነበር፤ በ1975 ያንኑ መሥሪያ ቤት እንዲመራ ተሾመ። ዩኒቨርሲቲውን የለወጡት ተሰብስበው የጠየቁት ተማሪዎች ናቸው። እዚህም በየግቢው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። ኅዳር 24 የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር መዝሙር እንዲያቀርቡ ይጋበዛሉ። የሕንጻ ርክክብ ላይ፣ የበጀት ስብሰባ ላይ፣ የመኝታ ድልድል ላይ ወንበር ይሰጣቸው።

ከጋዋኑ በኋላ

ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ከግቢ ሲወጣ የሚጠብቀው ሌላ ግድግዳ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውርን ፊርማ ከማያነብ ሰው ፊርማ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ፣ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም ይላል። ሐሳቡ ከመታለል ለመጠበቅ ነበር። በተግባር ግን ሕግ ተምሮ በማዕረግ የተመረቀ ሰው፣ የሌላውን ውል ማርቀቅ የሚችል ሰው፣ የገዛ ፊርማው ብቻውን አይታመንም። ዩኒቨርሲቲው «ኮራንብህ» ያለው ልጅ ቤት ሲከራይ «ሰው ይዘህ ና» ይባላል።

የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ 568/2000 አሠሪው በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያገል፣ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻች ያዛል። አዋጁ ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ዛሬ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው። «ያልበገረው» ብለው ያጨበጨቡት መሥሪያ ቤቶች ስንቱን ቀጥረዋል?

ቁጥር ይዛችሁ አጨብጭቡ

ምረቃው ይቀጥል። ጭብጨባውም ይቀጥል። ግን ከሚቀጥለው ምረቃ ጀምሮ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሜዳሊያውን ከማጥለቁ በፊት አራት ቁጥር መድረክ ላይ ያንብብ። በዚህ ባች ስንት አካል ጉዳተኛ ተማሪ ገባ? ስንቱ ዛሬ ይመረቃል? ስንቱ በመካከል አቋርጦ ሄደ፣ በምን ምክንያት? ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ ሥራ ያዘ?

አራት ቁጥር ነው። ሬጅስትራሩ ዘንድ መኖር ያለበት ነው። ከሌለ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው፤ ተቋሙ እነዚህን ተማሪዎች የሚያውቃቸው በፎቶ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ወላጆች ይጠይቁ፣ ተመራቂዎች ይጠይቁ፣ ፎቶውን ላይክ የሚያደርገው ሁሉ ከላይኩ በታች ይህንኑ አራት ጥያቄ ይጻፍ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይታለፋል፤ ሺህ ሰው ሲጠይቅ ስብሰባ ይጠራል።

ገሳይ ላይ ዓይነ ስውር ልጁን ትምህርት ቤት ይላክ አይላክ የሚያመነታ አባት ማወቅ የሚፈልገው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢደርስ ይጨበጨብለት እንደሆነ አይደለም። ማን ያነብለታል፣ የት ያድራል፣ ሲጨርስስ ምን ይበላል ነው የሚለው። ለእነዚህ መልስ ያላት አገር ጭብጨባዋ ይጣፍጣል። መልስ የሌላት ግን እጇን ከማጨብጨብ መልሳ ወደ ሥራዋ ትግባ።